ሰኞ የምትጫን በቅሎ

ሊሊሴ በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ አገኘችና የኔን ሆድ ለሁለት ከፈለችው። የምትቀጠረው እሷ፣ የምትፈርመው እሷ፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ አያቷ ወርቂቱ።

ልጅቷ የአፈር ባለሙያ ናት። አፈሩ እየኮመጠጠ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ሲቀር፣ ለገበሬው ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልገው የምትመክር። ቤታችን በላስቲክ በታሰረ የሰው ማሳ አፈር ተሞልቷል። አንዱን ትፈታና ታሸተዋለች፣ በጣቷ ታሸዋለች፣ እኔ ሽሮ መበላሸት አለመበላሸቱን እንደማየው። ወላጆቿ ለትምህርት ብለው እኔ ዘንድ የተዉአት ልጅ እዚሁ አድጋ ቀረች፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

አንደኛው ሥራ እዚሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ካለ አማካሪ ድርጅት ነው። ወንበር አለው፣ ኮምፒውተር አለው፤ ሌሎች ያመጡትን የአፈር ውጤት እያዩ መምከር ነው። «ጉዞ እምብዛም አይጠይቅም» ይላል ማስታወቂያው። ሁለተኛውም የአማካሪነት ሥራ ነው፤ ግን ቢላ ከምትባል የገጠር ከተማ ጀምሮ ከወረዳ ወረዳ ያዞራል። የነሱ መኪና ሰኞ ጠዋት ከመናኸሪያው ይነሳል። ጨለለቂዎቹም የሚጠብቋት ያንኑ ሰኞ ጠዋት ነው። እንግዲህ ወደ አንዱ መሄድ ሌላውን መተው ነው።

እኔ አልመረጥኩላትም። ደም ግፊቴን ብቻ አነሳሁ። ባለፈው ክረምት ግቢ ውስጥ አዳልጦኝ የወደቅኩትን አነሳሁ። የማውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ እየደወልኩ፣ እሷ እየሰማችኝ፣ «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩ። ከገና ወዲህ ሰላም ነው ይሉኛል። አላምንም። ሰላም አይደለም የሚለኝ ሰው እስኪገኝ እደውላለሁ።

ሐሙስ ማታ ጫማዋን እያወለቀች፣

«አኮ፣ የጨለለቂውን ይዣለሁ» አለችኝ። አኮ የምትለኝ በኦሮምኛው ነው፤ አያቴ ማለቷ።

«እኔን ብለሽ እንዳይሆን።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! መንገድ ሰልችቶኛል።»

ተመስገን ማለት ነበረብኝ። አፌም ብሎታል። ግን «መንገድ ሰልችቶኛል» የምትለዋን ይህቺን ቃል አውቃታለሁ። በልጅነቴ፣ እዚሁ ከተማ፣ ከአባቴ አፍ ሰምቻታለሁ። አምኛትም ነበር።

አባቴ ጫንያለው ወፍጮ ተካይ ነበር። ወጣት ሳለ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም መጣ፤ የሞተር ወፍጮ በየገጠር ከተማው መግባት ሲጀምር ሙያውን ያዘ። ድንጋዩን ይወቅራል፣ ሞተሩን ይተክላል፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ ይወጥራል። ወፍጮው ቱክ ቱክ ብሎ የመጀመሪያውን ዱቄት ሲተፋ ሴቶቹ በእልልታ ይሸኙታል። መኪና በማይገባበት አገር ሁሉ የሚሄደው ዳማ በምትባል በቅሎው ነው። ቢላ ይሄዳል፣ አርጆ ይሄዳል፣ ስሙን ሰምተን ቦታውን ወደማናውቀው ይሄዳል።

የተመለሰ ቀን ግቢያችን ሌላ ሽታ ይሸታል፤ የበቅሎ ላብ፣ ናፍጣ፣ የረጠበ ቆዳ። ቅንድቡ ውስጥ ዱቄት አይጠፋም። እኔ አባቴ መንገድ ላይ የሚያረጅ፣ ቤቱ ገብቶ ሲታጠብ ደግሞ ወጣት የሚሆን ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ውሃ አፍስሼለት ቅንድቡ ሲጠቁር ሳይ እጄን አጨበጭባለሁ። ከኮርቻው ከረጢት ሸንኮራ ይወጣል፣ ከነሰፈፉ ማር ይወጣል። ራት ላይ ስለ ወንዞቹ ያወራል። የትኛው ወንዝ ቅን እንደሆነ፣ የትኛው ተንኮለኛ እንደሆነ።

እናቴ ድርቤ የጉቶ ጊዳ አገር ልጅ ናት። ሲነሳ ልጓሙን ይዛ እስከ በር ትሸኘውና «ነጋን ገሊ» ትለዋለች፤ በሰላም ግባ ማለት ነው። ይህን ሳትለው ቀርታ አታውቅም። እሱም ሳይባል ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ እሱ ቢላ ሳለ ነው ነገሩ የሆነው። እኔ ጎረቤታችን ኢቢሴ ግቢ ዘይቱን እለቅማለሁ። ከኛ ቤት በኩል አንድ ነገር ኳ ብሎ ወደቀ፤ ኢቢሴ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። እኔ ስደርስ ከበር መለሱኝ። በኋላ ሲያስገቡኝ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። እናቴ መደቡ ላይ ተጋድማለች፤ አንድ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓይኗ ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ይመስላል።

«አዮ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ድስቱ ተገለበጠብኝ።»

ያን ድስት ጠላሁት። ጓሮ ወስጄ በድንጋይ ደበደብኩት፤ ኢቢሴ መጥታ ነጠቀችኝ። ሰው ስትጠራ በኦሮምኛው «ያ» ትላለች። «ያ ወርቂቱ፣ ድስት ተጣልቶ ያውቃል?» አለችና ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ባላወቅኩት ምክንያት ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ድስቱስ ምንም አላደረገም። እናቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ያን ቀን የጣላት ምድጃው ላይ ነው። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ በስሙ አይጠራም፤ ያወቀ ሰው አብሮ መብላት ይተዋል፣ ከጽዋህ መጠጣት ይተዋል። ስለዚህ ተደበቀ፤ ከኔም ጭምር። ከአባቴ ሌላ ኢቢሴ ብቻ ታውቅ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ ከአፏ አልወጣም።

አባቴ ከቢላ ተመለሰ። በማግስቱ እጄን ይዞ አቶ ወልደዮሐንስ ሱቅ ሄድን። አቶ ወልደዮሐንስ የጉራጌ አገር ሰው ናቸው፤ በከተማው የወፍጮ ዕቃ የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ፤ ሱቃቸውም ከኛ አጥር ብዙ አይርቅም። አባቴን አገር ለአገር እያዞሩ የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው።

«የዚያን ወንበር ነገር ብለውኝ ነበር» አላቸው አባቴ።

«እንዴ! እምቢ ያልከኝን?»

«አዎ።»

«ባለፈው ዓመት ለምኜህ ምን አልከኝ? ወንበር ላይ የሚቀመጥ የታመመ ሰው ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እና አሁን ታመምክ?»

«መንገድ ሰልችቶኛል።»

አቶ ወልደዮሐንስ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «አንተን ነው መንገድ የሰለቸህ? በቅሎዋ ብትለኝ ባመንኩ!» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ወንበሩን አወጡለት። ሥራው እንዲህ ሆነ፤ ወፍጮ ገዢው ወደ ሱቁ ይመጣል፣ አባቴ ተቀምጦ ይመክራል። የትኛው ሞተር ለየትኛው ድንጋይ፣ የትኛው ቺንጋ ለየትኛው ሞተር። የሚተክለው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ደስ አለኝ። አባቴ በየቀኑ ቤት ሊያድር ነው። ሸንኮራው እንደሚቀር ያሰብኩት በኋላ ነው።

ወንበር ላይ ከተቀመጠ ወዲህ አባቴ ልብ አጣ። ሱቅ ይሄድና ቡና ሳይጠጣ ይመለሳል፤ ሚስማር ረሳሁ ይላል። እንደገና ይሄድና ውሃ ጠማኝ ብሎ ይመጣል፤ አቶ ወልደዮሐንስ በር ላይ ጋን ሙሉ ውሃ እያለ። እናቴን አየት ያደርግና ይሄዳል። ሰነፍ ሆነ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ቁጢጥ ብሎ፣

«ወርቅዬ፣ እናትሽ ምድጃ አጠገብ ስትሆን አንቺም አጠገቧ ቁጭ በይ። ከዚያ እንዳትነቃነቂ። የሆነ ነገር ካየሽ ወደኔ ሩጪ» አለኝ።

«ምን ነገር?»

ትንሽ አሰበ። «ድመት።»

እኔም ዱላ ይዤ ድመት ስጠብቅ ከረምኩ። የኢቢሴ ድመት አንድ ቀን ብቅ ብትል ዱላዬን ጥዬ እየጮኽኩ ወደ ሱቁ በረርኩ። አባቴ ወንበሩን ገልብጦ፣ ገዢውን ገፍትሮ ሮጠ። ቤት ደርሶ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ሲያገኛት ግድግዳውን ተደግፎ ቁና ቁና ተነፈሰ። ለአንዲት ድመት ይህን ያህል ይሮጣል ብዬ ገረመኝ።

የበቅሎዋም ነገር የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስነሳ እናቴ ጓሮ ናት። ያልዳነ እጇን ወደ ሆዷ አስጠግታ፣ በአንዱ እጇና በጥርሷ የዳማን ጠፍር ታጠብቃለች። ግላሱ ተነጥፏል፣ ኮርቻው ተጭኗል፣ ስንቁ በትንሽ ስልቻ ተንጠልጥሏል። አባቴ ወጣ። አያት። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ጠፍሩን ፈታ፣ ኮርቻውን አወረደ፣ ስልቻውን ይዞ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጠራኝና ስንቁን፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ፣ አብረን በላነው። የመንገድ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ለኔ በዓል ሆነ። እናቴ ፊቷን አዙራ የዳማን አንገት ታሻሽ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞም ጫነች። እሱም አወረደ። ከዚያም ሰኞ በመጣ ቁጥር።

እኔ እንዲህ ተረዳሁት፤ እናቴ አባቴን ልታባርረው ነው። እሱ አልሄድም ብሎ ተጣብቋል። እናቴን መጥላት ጀመርኩ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ሰኞ ሰኞ እሷ የሰጠችኝን አልበላም ነበር፤ የአባቴን ስንቅ ብቻ። ኢቢሴም እንደኔ የምታስብ መሰለኝ፤ አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ስትቆጣት ሰማሁ።

«ያ ድርቤ፣ ሰው ባሏን በገዛ እጇ እንዲህ ታስወጣለች? ከተማው ምን ይላል?»

«ይበል።»

«ማሎ፣ ምነው! ቤት ተቀመጠልሽ፤ ምን ጎደለሽ?»

«እሱ ነው የጎደለኝ። ይሄ የተቀመጠው ጫኔ አይደለም፤ ጠባቂዬ ነው።»

ይህንን ይዤ ማታ አባቴ ሲያንቀላፋ ተጠግቼ ፊቱን መረመርኩት። አባቴ ነው። ጠባሳው አለ፣ የተሰበረው ጥርሱ አለ። የጎደለው ቅንድቡ ላይ የነበረው ዱቄት ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ኩማ የሚባሉ የቢላ ባለወፍጮ በእግራቸው መጡ። አባቴ የተከለላቸው ወፍጮ ዝም ብሏል፤ ሴቶቹ ወደ እጅ ወፍጮ ተመልሰዋል። የተላኩላቸው ሰዎች ሁሉ ነካክተው ትተውታል። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ይህን ፍቱ፣ ያን አጥብቁ ብሎ መከራቸው። ኩማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታው፣ ወፍጮው ያንተን እጅ እንጂ ያንተን ምክር አያውቅም» አሉት። እኛ ቤት አደሩ። በማግስቱ ሰኞ ነበር።

ያን ዕለት እናቴ ከሰው ሁሉ ቀድማ ተነስታለች። መፍቻዎቹ ሁሉ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል። አባቴ ወጥቶ እጁን ወደ ጠፍሩ ሲሰድ እጇን በእጁ ላይ ጫነችበት። ጠባሳው አሁን ይታያል፤ የተጨማደደ፣ ሮዝ ቀለም ያለው።

«ጫኔ፣ አንድ ሌሊት። እንዲያው አንዲት ሌሊት።»

እጁን ከጠፍሩ አንስቶ እርካቡን ረግጦ ወጣ። እናቴ ልጓሙን ይዛ እስከ በር ሸኘችውና «ነጋን ገሊ» አለችው፤ ድምጿ የሰርግ ቤት ድምፅ ይመስል ነበር። እኔ በሩ ላይ ተለጠፍኩ፤ ኢቢሴ ናት የፈለቀቀችኝ። ከዚያ አጥሩ ላይ ወጣሁ። አባቴና ኩማ ባሕር ዛፎቹ እስካሉበት ቁልቁለት ሲወርዱ አየሁ። እዚያ ዳማ ቆመች። ኩማ ጥቂት ሄደው ዞር ብለው ጠበቁት። አልመጣም። ቆሞ ቆሞ፣ ከረጢቱን አውርዶ ሰጣቸውና ዞረ።

ዳማ አሻፈረኝ አለችው ብዬ አሰብኩ። የኔ በቅሎ! ሮጬ ገብስ በእፍኜ አምጥቼ አጎረስኳት። እናቴ ግን አባቴ ሲዞር አይታ ኖሮ ወደ ቤት ገብታለች። ስገባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅሳለች። ስለተመለሰ ነው የምታለቅሰው አልኩ በልቤ። ይህ ልክ ነበር። ምክንያቱን ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ከዚያ በኋላም ሰኞ ሰኞ መጫኑ አልቀረም፤ ዳማ አርጅታ ጀርባዋ ኮርቻ መሸከም እስኪያቅተው። አባቴ ወንበሩ ላይ ጥሩ አማካሪ ሆነ። ሰው ከሩቅ አገር ስሙን እየጠራ ይመጣል። ለሚሄዱት ሁሉ «ያቺ ወንዝ ሞልታ ይሆን?» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ውሃ አፍስሼለት፣ ፊቱን ታጥቦ ቀና ሲል፣ ቅንድቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደግሜ አፈሰስኩለት። አልለቀቀም።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እኔም ወልጄ ከብጄ፣ ከእናቴ ጋር ጓዳውን ስናጸዳ ያ ኮርቻ ከማገሩ ወረደ። ቆዳው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ያኔ ነው የጠየቅኳት።

«አዮ፣ ለምን ነበር የምታባርሪው?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ኮርቻው ላይ ቁጭ አለች። በሽታውን ያን ጊዜ አውቅ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ሲጥላት አይቻለሁ። የሰኞውን መጫን ግን ከበሽታው ጋር አላገናኘሁትም።

«እኔ ጫኔን ላባርር? እንዲሄድልኝ ነበር እንጂ። አንዲት ሌሊት ሄዶ ቢያድር፣ ጠዋት ተነስቼ፣ አይ ድርቤ፣ ብቻሽን ማደር ትችያለሽ እል ነበር። እሱ ጠበቀኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ወርቂ፣ በር ላይ ቆሞ ባየኝ ቁጥር መታመሜን ይነግረኛል።»

«እሱ እኮ መንገድ ሰልችቶኛል ይል ነበር።»

«ጫኔን? መንገድ?» አለችና ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች።

ይኸው፣ ይህንን ሁሉ አውቄ፣ እኔም ደም ግፊቴን እያነሳሁ ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ዓርብን እንዲሁ ዋልኩ። ቅዳሜ ሹፌር አልደወልኩም። እሑድ ከሰዓት ገብስ ቆላሁ፣ አስፈጨሁ፣ ቅቤ አነጠርኩ፣ ጭኮውን አሸሁ። ጉልበቴ ደክሟል፤ ወገቤ ቁጭ ብድግ አይልልኝም። እጄ ይሠራል፣ አፌ ይጸልያል፣ ሆዴ ደግሞ ይቺ አሮጊት አበደች ይላል። ጭቃ የነካውን ቦቲ ጫማዋን አጠብኩ። ጃኬት፣ ፎጣ፣ ባትሪ፣ የራስ ምታት መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩና ሰኞ ማለዳ በሩ ላይ አቆምኩት።

ሊሊሴ በቢሮ ልብስ፣ በቢሮ ጫማ ወጣች። ቦርሳውን ዘለለችውና ተመልሳ አየችው።

«አኮ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ስንቅ።»

«የምን ስንቅ? ጨለለቂ እኮ በባጃጅ ይቺ ናት። ምሳ መጥቼ ነው የምበላው፤ በመሃልም ብቅ እላለሁ።»

«ሚስማር ረሳሁ እያልሽ?»

«የምን ሚስማር?»

«ተይው። መንገድ ሰልችቶኛል ያልሽኝ እውነት ነው?»

ፊቷን አዞረች። ፊት ለፊት እያየችኝ መዋሸት አትችልም፤ አፍንጫዋ ይቀላል።

«ማን ይጠብቅሻል?» አለችኝ በመጨረሻ። «ያኔ ስትወድቂ እኔ ባልኖር—»

«ኖረሽ አነሳሽኝ፤ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ቆሜያለሁ።»

«ሹፌሮቹን ስታስጨንቂ ያልሰማሁሽ መሰለሽ? እኔ ቢላ ብሄድ በጭንቀት ትሞቻለሽ!»

«እጨነቃለሁ። ጨለለቂም ብትሆኚ ባጃጅ ይገለበጥባታል እያልኩ እጨነቃለሁ። የኔ ጭንቀት የዓመት ፈቃድ የለውም፤ ለሱ ብለሽ አትቅሪ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። የስንቁን ዕቃ ከቦርሳው አወጣች፣ ከፈተችው፣ በጣቶቿ ቆንጥራ ጎረሰች። ልክ እንደ አባቴ። እዚያው እንደሱ። ኮርቻው ወረደ፣ አለቀ፣ አልኩ። እውነቱን ከተናገርኩ የሆዴ አንዱ ጎን እፎይ ብሏል።

ደግማ ጎረሰች። «ጨው አነሰው» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ክዳኑን ገጠመች፣ ቦርሳው ውስጥ መለሰችው፣ ዚፑን ዘጋች። ከዚያ የቢሮ ጫማዋን አንድ በአንድ አውልቃ ቦቲውን አጠለቀች።

«አዚዛን ማታ ማታ ብቅ በይ እላታለሁ።» አዚዛ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት።

«በያት። ድመት ጠብቂ ግን እንዳትያት።»

«አኮ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?» አለችና ሳቀች። አቀፈችኝ፤ ጸጉሯ የአፈር ሽታ አለው፣ ቢታጠብም አይለቅም። ባጃጁ መጣ፤ «መናኸሪያ» አለችው። ቦርሳዋን እስከ በር ይዤላት ወጣሁ፤ ከበደኝ፣ ቢሆንም አልሰጠኋትም።

«ነጋን ገሊ» አልኳት።

ባጃጁ ቁልቁል ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩን ያዝኩ። በቆሎ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ነበር፤ እስኪያልፉ ጠበቀ። አለፉ። ባጃጁ አልዞረም፤ ታጥፎ ሄደ።

የቢሮ ጫማዋን ከደጃፍ አነሳሁ። አቧራውን በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ አልጋዋ ሥር አስገባሁት። ከዚያ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና መናኸሪያ እንኳን አልደረሰችም።